ሪሞቱ እነከማሉ ቤት ነው

ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ለስላሳችሁን ይዛችሁ ስሙኝ፤ ቆጮው አይሸሽም። ራምዚ «ጋሽ ሀብቴ፣ እባክዎ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። አጠር የሚደረገው ሽቦ ነው። ሰው ሲሸኝ አጠር አይደረግም። ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ ፊደሌ ቢያነክስ የራሴ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምንሸኘው ከማሉ ሥራ የገባ ቀን። አሁን ሽበቱን አይታችሁ የተከበረ ሰው ይመስላችኋል። ያን ጊዜ ይህን ሱቅ የከፈተው የራምዚ አባት፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጠራኝ። «ከመስቃን አንድ ልጅ መጥቷል። ዲሽ መትከል እችላለሁ ይላል። እስቲ የሱቁን ዲሽ አንተ ቤት ጣራ ላይ ለሙከራ ይትከል፤ ኋላ ይነቀላል» አለኝ። ለምን የኔ ጣራ? አንደኛ፣ ቤቴ ለሱቁ ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ ቢፈርስም የሠራተኛ ጣራ ነው፤ የደምበኛ አይደለም።

ከማሉ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ወጥቶ ዝም ብሎ ቆመ። ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ። ባለቤቴ ሰገነት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችው።

«አንተ ልጅ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ቂብላ እየያዝኩ ነው፣ እትዬ።»

«መስገዱን ስገድ፣ ልጄ። ግን ውረድና እታች ሰሌን ላንጥፍልህ። የቆርቆሮው ምስማር ላልቷል!»

እየሰገደ አልነበረም። ሌላው ባለሙያ ኮምፓስ ይይዛል፤ ከማሉ ቂብላ ይይዛል። ወደ ቂብላ፣ ከእኛ አገር ወደ ሰሜን ማለት ነው፣ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ የምናየው ሳተላይት በግራ እጁ በኩል ነበር። ኋላ ጣቢያዎቹ ወደ ሌላ ሳተላይት ሲዛወሩና የቡታጅራ ዲሽ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ቀኝ እጁን መዘርጋት ነው። ለማንኛውም ያን ቀን ዲሹን ተክሎ ሲወርድ ሰገነት ሰሌኑን አንጥፋ ጠበቀችው። እሱም «የተነጠፈ ሰሌን አይታለፍም» ብሎ ሰገደበት። እኔ በዚያ ቀን ይህ ሰው ከእኛ እንደማይሄድ አውቄ ነበር። ይኸው ዛሬ ተሳሳትኩ።

ሥራችን ይህን ይመስላል። እሱ ጣራ ላይ ዲሹን ያዞራል፤ እኔ መስኮት ሥር ሆኜ ቴሌቪዥኑን አያለሁ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!»

«ምን ነካኸው ጋሽ ሀብቴ?»

«እኔ ምን እነካለሁ? የነካኸው አንተ!»

ሰፈሩ ሁሉ በእኛ ጩኸት ነበር ምሳ ሰዓትን የሚያውቀው።

ጠባዩን ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። «ተበላሽቷል» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ገመዱን አይጥ ቢቆርጠው «አየሩ ነው» ይላል። መብራት ሲጠፋ «አየሩ ነው»። አንዲት ሴትዮ ሒሳቧን ስላልከፈለች ጣቢያው ሲዘጋባትም «አየሩ ነው፣ እናቴ» ብሏታል፤ ሴትየዋም መስኮቷን ዘግታ ጠበቀች። ሻይ ሳይጠጣ መሰላል አይረግጥም። ምስማሩንና የሽቦውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ያወራል፤ ማንም አይሰማውም፤ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ግን «ነግሬያችሁ ነበር እኮ!» ይላል። ምን እንደነገረን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ለልጆቹ ስል አንድ ነገር ልንገር። ድሮ በእኛ መደዳ ዲሹም አንድ፣ ሪሲቨሩም አንድ፤ ሁለቱም እነከማሉ ቤት ነበሩ። የከማሉ ቤትና የኔ ቤት አጥር ይጋራሉ። ሽቦው ከእነሱ በአጥሩ ላይ ወደ እኛ ይመጣል፣ ከእኛ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ቀጣዩ፣ እስከ መንገዱ ድረስ። ስለዚህ መደዳው ሁሉ የሚያየው እነከማሉ የከፈቱትን ነው። እነሱ ዜና ካሉ ሁላችንም ዜና ነን። ኳስ ካሉ ሁላችንም ኳስ። ሌላ ጣቢያ ያማረው ሰው ወጥቶ የቆርቆሮ አጥር ይመታል፤ ድምፁ እየተቀባበለ እነከማሉ ጋ ይደርሳል። ሰገነት የምትመታው በዘነዘና ነበር።

«ሰፍያ! መዝሙሩን አምጪልኝ!»

ሰፍያ ይቻት ከባሏ ጎን ተቀምጣለች። የቱርክ ድራማ ስታይ ቤት ቢቃጠል አትነሳም።

«ቆይ፣ እትዬ ሰገነት! ልጅቷ ልትያዝ ነው!»

«እንግዲያው ከተያዘች በኋላ አምጪልኝ!»

ሰገነትም ተመልሳ ልጅቷ እስክትያዝ ቁጭ ብላ ታያለች። ልጅቷ አትያዝም። መዝሙሩም ይረሳል።

የሪሲቨሩ ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር፤ የጠጋኝ ቤት ዕቃ መቼ ይጠገናል? ያለ ሪሞት አይታዘዝም። አንድ ቀን ታዲያ ይኸው ሰውዬ ሪሞቱን ኮት ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ለሥራ ቡኢ ከተማ ሄደልን። መደዳው ሁሉ አንድ የዓረብኛ የምግብ ዝግጅት ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ አራሷ፣ ሁሉም ቲማቲም ሆዱ ተቦርቡሮ ሩዝ ሲሞላ ያያል። አጥሩ ተመታ፣ ተመታ።

«ኧረ ሪሞቱ የት ነው?»

«ሪሞቱ እነከማሉ ቤት ነው!»

«ከማሉስ?»

«ቡኢ!»

አመሻሹ ላይ ሲመለስ ሰገነት ሩዝ የተሞላ ቲማቲም በሳህን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ስታሳየን የዋልከውን ብላ» አለችው። በላ። በልቶ ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጨው አንሶታል።»

ከዚያ ዋይፋዩ መጣ። ያመጣው ራምዚ ነው፤ አልወቅሰውም፤ ሱቅ ገበያ ያዘዘውን ይሸጣል። መጀመሪያ ከቴሌቪዥን ኋላ የሚሰካ ትንሽ ጥቁር ሳጥን መጣ፤ ከኢንተርኔት እየሳበ ያማራችሁን ያሳያል። ቀጥሎ ሳጥኑን ሆዱ ውስጥ የያዘ ቴሌቪዥን መጣ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑም ቀረና ስልክ ሆነ። እኔ ከሽቦዬ ጋር ቆምኩ፤ ከማሉ ግን ቁጭ ብሎ ተማረው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ሱቅ ስንከራከር አንዳንዶቻችሁ እሱን ለመስማት ነበር ሻያችሁን እዚህ የምትጠጡት።

«ጋሽ ሀብቴ፣ በዚህኛው እኮ ሁሉም የልቡን ያያል። ማንም ማንንም አይለምንም።»

«እሱን ነው የጠላሁት።»

«ምኑን?»

«አለመለመኑን።»

ሳቀብኝ። «አየሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ሐቁን ልናገር፤ ምስሉ የጠራው የዋይፋዮቹ ነው። የእኛ ዲሽ ዝናብ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። የእነሱም ኔትወርክ ሲጠፋ አንድ ክብ ነገር ይዞ ሲዞር ይውላል። ሁሉም ጉድለት አለው። ለዓይን የሚሻለው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ያኛው። ይህን ስል ሰምታችሁኝ አታውቁም፤ ደግሜም አልለውም።

ቤቶቹ በየተራ ሽቦውን አስነሱ። መሰላል ይዞ የሚያወርደውም ከማሉ ራሱ ነበር፤ ደምበኛ ካዘዘ ምን ይደረጋል። ያወረደውን ሁሉ ግን ጠቅልሎ ያመጣና ጠረጴዛዬ ሥር ያስቀምጠዋል። አይጥለውም። ለምን እንደማይጥለው እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። አሁን ያ መደዳ ብትሄዱ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አባት በሳሎን፣ ልጅ በጓዳ፣ እናት በማድቤት፣ ሁሉም በየስልኩ ጆሮውን ደፍኖ ለየብቻው ይስቃል። ድሮ መደዳው ባንድ ጊዜ ሲስቅ መንገደኛ ይደነግጥ ነበር። አጥር የሚመታ የለም። ሰገነት በዘነዘናዋ ያጎደጎደችው ቆርቆሮ እንዳጎደጎደችው አለ፤ ላቀናው የመጣ ሰው ነበር፣ አባረርኩት።

የቀረው አንድ ሽቦ ነው፤ ከእነከማሉ ወደ እኔ።

ከማሉ፣ አቀርቅረህ አትስማኝ፤ ቀና በል። ሰፍያ፣ አንቺም።

ሰገነት የመጨረሻውን ሕመም ስትታመም ረመዳን ነበር። መዝሙር ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ሪሲቨሩ አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያን ወር የራሳቸውን ቴሌቪዥን አጠፉ፤ ሪሲቨሩን ግን ለእኛ አበሩት። መዝሙር ላይ አድርገው ተዉት። አንድ ቀንም ጣቢያው አልተነካም። እነሱ ጨለማ ስክሪን ፊት አፈጠሩ። የሰፍያ ድራማ የሚያልቀው በዚያ ወር ነበር። ያቺ ልጅ ትያዝ አትያዝ ሰፍያ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አመሰግናለሁ። ያኔ ይህን ብነግራችሁ ኖሮ «አየሩ ነው» ብላችሁ ታልፉኝ ነበር። ዛሬ ሰው ፊት ስለሆነ ማምለጫ የላችሁም።

ሰገነት ካረፈች በኋላ ልጃቸው ፈቲሀ ከወልቂጤ ያን ጥቁር ሳጥን ላከችላቸው። እነሱ የሚያዩት በሳጥኑ ነው። ሪሲቨሩ ግን አልጠፋም፤ ለአንድ ቤት ይበራል። ከማሉ ማታ ከሥራ ሲገባ የኔ ቴሌቪዥን ዜና ላይ ይሆናል። አጥር አልመታሁም፣ አልተጣራሁም። በቃ ጣቢያው ይቀየራል። እኔም «ከማሉ ገባ» እላለሁ። ቤቴ ውስጥ ሌላ የሚገባ ሰው የለም። ሊተኛ ሲል ያጠፋዋል፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ «ደህና እደር» ማለቱ ነው፣ እኔም እተኛለሁ።

አሁን ጉልበቱ መሰላል እምቢ አለው፣ የጡረታ ወረቀቱም አለቀ። እኔ እንኳ ጡረታዬ ካለፈ ቆይቷል፤ ራምዚን «የቀጠረኝ አባትህ ነው፣ እሱ ካላሰናበተኝ አልሄድም» ብዬው አረፍኩ። ከማሉ እንደኔ ደረቅ አይደለም። ቅዳሜ እሱና ሰፍያ ወልቂጤ፣ ፈቲሀ ጋ ይገባሉ። ልጅ ልጆች አሉ፤ ደግ አደረጉ። ቤታቸውን መምህር ዮሲ ተከራይቶታል። ዮሲ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ገና ሳይገባ ግን «ጋሼ፣ እኔ ዲሽ አላይም» ብሎኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ያ ሪሲቨር ይጠፋል።

ራምዚ ይህን አስቦ ሰሞኑን ሲጨቀጭቀኝ ሰንብቷል። «ጋሽ ሀብቴ፣ ዋይፋይ ላስገባልዎ? ወይስ አዲስ ዲሽ?» «ቆይ» እያልኩ ሸኘሁት። ከማሉንም ምንም አልለመንኩትም። ኩራት ነው፤ ስሙን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ግን በሁላችሁ ፊት አጥር ልመታ ነው።

ከማሉ! ሪሞቱን ስጠኝ። ሪሲቨሩንም፣ ዲሹንም። አዲስ አልፈልግም፤ የነካኸውን ነው የምፈልገው። ነገ ቁርስ በልተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጣራዬ ላይ ውጣ። ለጉልበትህ መሰላሉን ራምዚ ይይዝልሃል። ወደ ቂብላህ ቁምና ቀኝ እጅህን ዘርጋ። ምስማሩ አሁንም ላልቷል። ሰሌኑም አለ፤ እታች ተነጥፎ ይጠብቅሃል። መስኮት ሥር የምጮኸው እኔ ነኝ።

ያስቀመጥክልኝን ሽቦ ደግሞ ከጠረጴዛዬ ሥር አውጥቼ፣ ከኔ ቤት በአጥሩ ላይ ወደ ዮሲ ቤት እስባለሁ። ዮሲ፣ እንደማትፈልገው አውቃለሁ፤ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ወይም ብቻህን መሳቅ ሲሰለችህ አጥሩን ምታ። ኳስ ካልክ ኳስ። ድራማ ካልክም ድራማ፤ ልጅቷ እስክትያዝ አብሬህ አያለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖም፣ ከማሉ፣ ልዋሽህ አልችልም። ከቅዳሜ በኋላ ዜና ሰዓት ሲደርስ ጣቢያውን የምቀይረው እኔ እሆናለሁ። ራሴ የቀየርኩት ጣቢያ ማንም ሰው ቤቱ እንደገባ አይነግረኝም። እሱ በምንም አይጠገንም። አየሩም አይደለም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ራምዚ፣ አንተም፤ አጠር አድርጌዋለሁ።

ከማሉ፣ ቆርቆሮውን ሁሉ የረገጠ እግርህ ከእንግዲህ ምንጣፍ ይርገጥ። አላህ ዕድሜውን ከአፍያ፣ ከጤና ጋር ይስጥህ። ሰፍያ፣ የልጅ ልጆችሽ ያንን ድራማ ፈልገው መጨረሻውን ያሳዩሽ፤ ካየሽውም ደውለሽ ንገሪኝ፣ ሰገነት መቃብር ስሄድ የምነግራት ነገር ይኑረኝ። ቤታችሁ ሰው አይጣ። ወልቂጤ ያለው ጎረቤታችሁ አጥር የሚመታ ይሁን።

ቅዳሜ መኪናው ወልቂጤ ሲደርስ ደውልልኝ። ዕድሜ ልካችንን አንተ «መጣ?» ስትል እኔ ነኝ የመለስኩት። ያን ቀን እኔ «ደረስክ?» እላለሁ፤ አንተ ጮኸህ መልስልኝ፣ መደዳው ይስማ።

እናንተም ጎረቤቶች፣ ሪሞቱ የት ነው ካላችሁ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። አጥሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ምቱት።