ልጁ ያስተማረው ጌም

ከባኬ ጃማ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ጆይስቲክ ይዟል፤ ጎልማሳው እሱን አይቶ ነው ወሬ የጀመረው።

«የድብድብ ጌም ትጫወታለህ፣ ኢልማ ኮ?» አለው፤ «ልጄ» ማለቱ ነው።

«አዎ ኦቦ። እርስዎም ያውቁታል እንዴ?»

«ልጄ ነው ያስተማረኝ። ግን ሁልጊዜ ያሸንፈኝ ነበር።»

«ለምን?»

«እኔ የማውቀው ዘልዬ በእግር መምታት ብቻ ነው። ገና ሳልዘል ይነቃብኛል። ‹አባ፣ አንዳንዴ እንኳ ተከላክለህ ጠብቅ፤ አንዳንዴ ይዘህ ጣለኝ። ቀጥሎ የምታደርገው አይታወቅብህ› ይለኛል።»

«እውነቱን ነው። እኔንም አንድ ምት ስደጋግም ወዲያው ይጥሉኛል። ታዲያ ተሻሻሉ?»

«የት እሻሻላለሁ! እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቸርች እገባለሁ፣ ስድስት ሰዓት እወጣለሁ። ቀርቼ አላውቅም፤ ልጄም ይህን ያውቃል። አንድ እሁድ ስመለስ ልብሱን ይዞ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ስልኩ አይሠራም። ስምንት ወር ሆነው።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ስንጫወት ነበር። እንደውም ያን ቀን አሸነፍኩት።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንደ ልማዴ ዘልዬ መታሁት። አልተከላከለም።»



እኔ ስልኬን አውጥቼ ብዙ ጊዜ ያልደወልኩለትን የአባቴን ስም ካገኘሁ በኋላ ሳልደውል መልሼ ኪሴ ከተትኩት።