ጮክ ብሎ ማሰብ

አቶ ቢረሳው እስራኤል አገር ከቂርያት ማላኪ ከተማ ተነሥተው ገዴራ ወደሚሠሩበት ፋብሪካ ሊሄዱ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ሆዳያን መስኮት ሥር ኩርምት ብላ አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ ምን ሆነሽ ነው?»

«ያቭኔ ከተማ ለሥራ ሊጠይቁኝ ነው ጋሼ። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ሁለት ቦታ ጣሉኝ። ቁጥር ይደረድሩና ‹ቀጣዩ ስንት ነው?› ይላሉ። እስካረጋግጥ ዝም ስል ‹አታውቅም› አሉኝ። እያሰብሁ እንድናገር ነው የሚፈልጉት። ዛሬም ከጣሉኝ ተስፋ መቁረጤ ነው።»

«እንኳን ዝም አልሽ!» አሉ አቶ ቢረሳው ኮራ ብለው። «ጨዋ ልጅ ሳታረጋግጥ በባዕድ ፊት አፏን አትከፍትም። እናትሽ ወይዘሮ የምሥራች እንዲህ ነው ያሳደገችሽ።»

ደጉ ሰው! የሚያውቁትን ሳይናገሩ ስንት ዓመት ሲሠሩ፣ ከኋላቸው የመጡት አለቃ ሆነውባቸዋል። ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ሆዳያ ፈገግ አለች። «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት። ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ፤ ቀጥሎስ?»

አቶ ቢረሳው ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። አንድ ፌርማታ አለፈ፤ ሁለት አለፈ። ልጅቷ ጎሸም አደረገቻቸው።

«ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?»

«ምን ያስተኛኛል! ሠላሳ ነው! መጀመሪያ አራት ጨመረ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ቀጥሎ ስምንት፤ አሁን አሥር ይጨምራል። ካገኘሁት ቆየሁ፤ እያረጋገጥሁ ነው እንጂ!»

«እኔ በምን አውቄ? ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ቢረሳው ክው አሉ። ከዚያ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። «ውይ አንቺ ልጅ! ለካ ዝም ሲባል ጨዋውና እንቅልፋሙ አይለይም! በይ ያላ፣ ቶሎ በይና ተናገሪ። ብትሳሳቺስ? ቁጥር ነው፣ ስድብ አይደል!»

ይህን ሲሉ መውረጃቸው ገዴራ አልፏል። «ቤሰደር፣ ምንም አይደል፣ ለአለቃዬ እደውላለሁ» ብለው ያቭኔ ድረስ ሸኟት፤ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይም ቆመው ጠበቋት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዳያ እየሮጠች ወጣች። «ጋሼ! መጀመሪያ ተሳሳትሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ! ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ አራት ሲሉኝ ‹በእጥፍ ይሄዳል› አልሁ፤ ‹አይ፣ አራተኛው እምቢ አለ› ብዬ ራሴን አረምሁ። የጠየቀችኝ ሴትዮ ‹ስሕተትሽን እንዴት እንደምታገኚው ነበር ማየት የፈለግሁት፤ የሥራ ሳምንቱ እሑድ ሲገባ ጀምሪ› አለችኝ!»

አቶ ቢረሳው መንገድ ላይ እልል አሉ። ወንድ እልል ይላል እንዴ? አሉ እንጂ! ወዲያው ለሚስታቸው ለወይዘሮ የሺዓለም ደወሉ።

«ስሚ፣ ሆዳያ ሥራ ያዘች! የልጅ ልጃችንን ሮተምን ‹አስተማሪ ፊት ዝም በይ› ያልኋትን ትርሳው። እጇን ታውጣ፤ የገባትን ትናገር፣ ያልገባትንም ትጠይቅ። ብትሳሳት ያርሟታል፤ ዝም ካለች ግን ማን ያውቅላታል? አያትሽ ነው ያለው በያት!»