የቁም ምልክቱ ላይ ሰላምታ
ብስክሌት በበዛባት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ረፋድ ላይ፣ መምህር ምንይችል ብስክሌቱን ይዞ ከአንድ የ«ቁም» የመንገድ ምልክት አጠገብ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ደሳለው ፊት ቆሟል።

ምንይችል፦ ይክሰሱኝ ነው የምልዎ፣ ሳጅን። ይቺን የክስ ወረቀት እንዲጽፉ ይህን ያህል መለመን አለብኝ?

ደሳለው፦ ሰው እንዳልከሰው ይለምነኛል እንጂ የዚህ ዓይነት ልመና ገጥሞኝ አያውቅም። ዛሬ አታስተምርም?

ምንይችል፦ አስፈቅጄ ነው የመጣሁ። ትናንት ጠዋት እዚችው ምልክት ላይ ሳልቆም አለፍሁ። እትዬ ጥሩወርቅን ገጭቼ ጣልኋቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ደሳለው፦ እሳቸው ግን ሐኪሙን «ነጠላዬ ጠልፎኝ ወደቅሁ» ብለውታል አሉ።

ምንይችል፦ እሱ ነው የገደለኝ። የልጅ ልጃቸውን ስለማስተምር እኮ ነው። ልጠይቃቸው ብሄድ ጭራሽ «አይዞህ ልጄ» ይሉኛል። መግቢያው ነው የጠፋኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም።

ደሳለው፦ እሳቸው ካልከሰሱ አንተን ምን አስቸኮለህ? ደግሞስ እዚህ አገር ብስክሌት ሲቆም አይተሃል? መኪናው ይቆማል፣ ባጃጁም ይቆማል። ብስክሌተኛው እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። ስንት ዓመታችን።

ምንይችል፦ እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁ። «እንዴት አደሩ ሳጅን» ስልዎ ዓይኔ እርስዎ ላይ ነበር። መንገዱን አላየሁትም።

ደሳለው፦ አውቃለሁ።

ምንይችል፦ ካወቁ ይጻፉታ።

ደሳለው፦ አልችልም።

ምንይችል፦ ደግነትዎ ይቅርብኝ፣ ሳጅን። እኔ ቅጣት ነው የፈለግሁ።

ደሳለው፦ ደግነት አይደለም። እትዬ ጥሩወርቅ መንገድ ውስጥ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። አንዴ ፊሽካ ብነፋ ይመለሱ ነበር።

ምንይችል፦ ታዲያ ለምን አልነፉም?

ደሳለው፦ ፊሽካው አፌ ላይ አልነበረማ። «እግዜር ይመስገን መምህር፣ አንተስ እንዴት አደርህ» ልልህ አውጥቼው ነበር።

ምንይችል፦ ወይ ጉድ።

ደሳለው፦ አንተን ብጽፍ «ትራፊኩ የት ነበር?» መባሉ አይቀርም። ከትናንት ወዲህ ለመምህሩ አዘንሁለት እያልሁ የምደብቀው ራሴን ነው። ያሳፍራል።

ምንይችል፦ እንግዲያስ ይቅር፣ ሳጅን። እኔም ለማንም አልናገር።

ደሳለው፦ አየህ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ሰላም ተባብለን ልንተላለፍ ነው። ብስክሌትህን አስደግፍና እስክሪብቶውን እንካ። እኔ ከጻፍሁት ስሜን መልሼ እደብቀዋለሁ፤ አንተ ጻፍ። ከስምህ በላይ ግን የኔን ስም አስቀድም።