አክራ የላክሁት ሰው

ማሜ አፍራ፣ ነይ እስቲ እኔ ጋ ተቀመጪ... እዚያ ፀሐዩ ይመታሻል። ፉፉውን አንቺ ነሽ የወቀጥሽው? እጅሽን ይባርከው! ጥርስ ለከዳው ለኔ ቢጤ እንዲህ የለሰለሰ ምግብ ከየት ይገኛል? የበጉ መረቅስ? ሰባ አይደል? ይስባ እንጂ! ከግልገልነቱ ጀምሮ የቀለብኩት እኔ ነኝ። "አዲሱ ካቢኔ ሲሰየም ይታረዳል" ብዬ... ይኸው ተሰየመ፣ ታረደ። ሚኒስትሩ ማንም ይሁን ማን፣ ለበጉ ምን ልዩነት አለው?

ኧረ ቀስ ብዬ ነው የማወራው! ክቡርነታቸው እዚያ ዳሱ ሥር ናቸው፣ አይሰማቸውም... ቢሰማቸውስ? የራሴን ጅልነት ነው የማወራው።

መቼም ታውቂኛለሽ። እኔ ኦፓኒን አሲያማ በዚህ ወረዳ ኮኮዋ ስተክል ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለካቢኔው ከአሻንቲ፣ ከሰሜኑ፣ ከባሕሩ ዳር ሰው ሲመረጥ፣ "ከእናንተም አንድ ሰው እንፈልጋለን፣ ለእርሻ ሚኒስቴር" ተባለ። አገሩ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔስ? እኔማ ወደ መስታወት ዞርኩ! ሚኒስትር ጋዜጣ ላይ እንዴት እንደሚቆም እያየሁ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ስለማመድ ከረምኩ... ሳቂ፣ ሳቂ። ሚስቴም እስካሁን ስቃ አልጠገበችም።

ግን ጨዋ ሰው በገዛ አፉ "እኔን ሹሙኝ" ይላል እንዴ? በኛ ደንብ ነውር ነው። አለቃችን እንኳ ለሕዝቡ የሚናገረው በሰው አፍ አይደል? እኔም አንደበተ ርቱዕ ወዳጅ ፈለግሁ፤ እግዜርም እኚህን ዳሱ ሥር ያሉትን ሰጠኝ። የኔ መልእክተኛ መሆናቸው እንዲታወቅ አገር የሚያውቀውን የክብር ልብሴን፣ ኬንቴዬን፣ አለበስኳቸው። ያኔ "አንተ" ነበር የምላቸው፣ ይቅር ይበሉኝ። "ስለኔ ስትናገር አትፈር፤ ስለራስህ እንደምትናገር አድርገህ ተናገር" ብዬ ላክኋቸው... እንዲህ ምክር የሚሰማ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

መኪናዋ ከአክራ ስትመጣ፣ እኔ ታጥቤ ሽቶ ተቀብቼ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ከበሮው ይመታል። የመኪናዋ በር ተከፈተ... ኬንቴዬ ወረደ። እሳቸው ውስጡ ነበሩ። እቅፍ አድርገውኝ፣ "ኦፓኒን፣ ደስ ይበልህ! ወንበሩ ከወረዳችን አልወጣም!" አሉኝ። ሆዴን እስከዚያች ሰዓት ስቤ ይዤው ነበር፤ ያኔ ለቀቅሁት። አለቀስኩም። ሕዝቡ የደስታ መስሎት አጨበጨበልኝ።

ቅር ብሎት ነው እንዳትዪ! ለእርሻማ እሳቸውን የሚያህል ከየት ይመጣል? የታመመ ኮኮዋ ይቆረጥ ሲባል፣ እኔ ብሆን የእያንዳንዱን ዛፍ ባለቤት ስለማውቅ አንጀቴ አይችልም ነበር። እሳቸው ግን ኮኮዋን ከፓፓያ አይለዩም... ታዲያ ለማን ያዳላሉ? ኬንቴውም ቢሆን እሳቸው ላይ አምሯል፤ ይኸው ዛሬም አላወለቁትም። "መልሱልኝ" እንዳልል አፍራለሁ። ሰው ልላክባቸው ይሆን?

ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያመኛል። በመንገድ ሳልፍ ሰው ሲስቅብኝ እሰማለሁ። ቀድሜ በራሴ የምስቀውም ለዚሁ ነው።

ኧረ ወደኛ ዘወር አሉ! በይ የዘንባባውን ጠጅ አቀብይኝ፣ በበጌ መረቅ ላይ ቆሜ ሳልመርቃቸው አልሄድም። አንቺም አሜን በዪ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ወንበራቸውን ያጽናላቸው። ነገ ደግሞ ከዚህም ለሚበልጥ ወንበር ይታጩልን። ያን ጊዜ በገዛ አፋቸው መጠየቅ ነውር ይሆንባቸዋልና... እግዜር ለኔ የሰጠኝን የመሰለ ታማኝ ወዳጅ፣ ለሳቸውም አንድ ይስጣቸው! ምነው ማሜ አፍራ፣ አሜን አትዪም?