አኩሪ አተሩ ግን ይግባ

እትዬን ልንሸኝ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ። ብርጭቆ የያዛችሁ ያዙ፣ ያልያዛችሁ አስቀዱ፤ እኔ እስክጨርስ ግን ማንም እንዳይጠጣ።

እትዬ፣ ከጀርባዎ «እትዬ ቅምሻ» እንደምንልዎት ያውቃሉ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወደዚህ መኖ ማቀነባበሪያ የመጡ ዕለት ነጭ ጋዋንዎን ለብሰው፣ ሰላምታም ሳይሰጡ፣ በቀጥታ ወደ እኔ ማደባለቂያ ማሽን። ከማሽኑ አፍ ላይ መኖውን ቆንጠር አደረጉና ወደ አፍዎ! አላመጡ፣ ተፉ። እኔ ደግሞ የዋህ፣ «ምስኪን፣ ቁርሷን ሳትበላ ነው የወጣችው» ብዬ ግማሽ ዳቦዬን አቀረብኩልዎት። ተቀብለው በሉት። ከዚያ ምን አሉኝ? «ዳቦህ ደህና ነው። የመኖህ የዓሣ ዱቄት ግን ሻግቷል።» አዲሷ የመኖ ባለሙያ መሆንዎን የሰማሁት ማሽኑን አራግፌ ሳጥብ ነው።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት በሰላም የበላ ሰው አለ? ድንችና ዳቦ ይዤ ስቀመጥ፣ «ዛሬም ጉልበት በጉልበት ሆንክ፤ ፕሮቲንህ የታለ?» ጉልበት የሚሉት ኃይል ሰጪውን ምግብ ነው። የሂሳብ ሠራተኛችን ሠርግ ላይ እናቱን «ሳህንዎ ላይ ጉልበት በዝቷል» ብለው ክው አደረጓቸው። እሳቸው እስካሁን ስድብ ይመስላቸዋል። ሳቅ፣ ሳቅ፤ እናትህ ናቸው!

እኔ ግን ዛሬ ሳቅ እሺ አላለኝም። እትዬም ነቅተውብኛል፤ ከገባሁ ጀምሮ «ምን ሆነሃል?» እያሉኝ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ያንን ሙቀት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የዶሮ ቤታችን ቆርቆሮ ይግላል፣ እንቁላል ጣይ ዶሮዎቻችን አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ መኖው ገንዳው ላይ ያድራል። እንቁላሉ አነሰ። ሥራ አስኪያጃችን፣ እዚሁ አሉ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ «ዶሮዎቹ ደክሟቸዋል፤ በቆሎና ዘይት ጨምርላቸው» አሉኝ። እትዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ጨመርኩ። ማንም ሰው የደከመውን አብላው ነው የሚለው። ዶሮዎቹ ሰቡ፤ እንቁላሉ ጭራሽ አነሰ። ቀጥለው አንዷ የሌላዋን ላባ እየነቀለች ትበላ ጀመር። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም።

እትዬ ፈቃዳቸውን አቋርጠው መጡ። «ዶሮ የምትበላው ጉልበቷ እስኪሞላ ነው» አሉን። «ጉልበቱን ካበዛችሁባት ጥቂት በልታ ትተወዋለች። ፕሮቲኑ እዚያው ገንዳ ውስጥ ቀረባት ማለት ነው። ላባ የምትበላው ጠግባ የተራበች ዶሮ ናት።» ሥራ አስኪያጁ ግን ፕሮቲን በሚሰጠው በአኩሪ አተር ፈንታ ሌላ በቆሎ አስጭነው ነበር። እትዬ በቆሎው እንዳይገባ ማሽኑን ተደግፈው ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ «ይውጡ ከዚህ!» አሏቸው። እትዬም «እኔ እወጣለሁ፤ አኩሪ አተሩ ግን ይግባ» ብለው መለሱ።

ገባ። ዶሮዎቹም ዳኑ። ሁለቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ራሳቸውን ነቅነቅ በማድረግ ካልሆነ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ይኸው ዛሬም ኬኩን መሀላቸው አድርገው ተቀምጠዋል።

አሁን፣ እትዬ፣ ያልሰሙትን ልንገርዎ። ሽኝትዎን እንዳናበላሽ ብለን ደብቀንዎት ነበር፤ እኔ ግን ሆዴ አልችል አለ። ነገ ጠዋት አዲስ ጫጩቶች ይገባሉ። ዛሬ ምሳ ላይ ትእዛዝ መጣልኝ፤ «የጫጩት መኖ አይሠራ፤ የቄቦቹ ይበቃቸዋል፤ ዶሮ ዶሮ ነው።» ቄብ ያደገች ናት፤ ፉርሽካ የበዛበት፣ አኩሪ አተሩ የሳሳ መኖ ችላ ትኖራለች። ጫጩት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንትና ሥጋ ካልሠራች፣ ኋላ ብናንበሸብሻት እንደኮሰመነች ትቀራለች። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ቁጭ ይበሉ፣ እትዬ። አይነሱ። ዛሬ የእርስዎ ተራ አይደለም።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። የአኩሪ አተር ገበያ እሳት ሆኖባቸዋል፤ የእኛን እንጀራም ያስባሉ። ግን እትዬ ጡረታ በሚወጡበት ቀን መታዘዙ አንጀቴን አሳረረው። ስለዚህ እሳቸው ፊት፣ እናንተም ባላችሁበት እናገራለሁ፤ ነገ ጠዋት ማሽኑን የማስነሳው እኔ ነኝ፤ የማስነሳውም በጫጩት መኖ ነው። አይሆንም ካሉ አሁን ይበሉኝ፤ ቁልፉ ኪሴ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ።

አቤት? ነገ ቢሮ እንነጋገር? ነገማ ጫጩቶቹ ገብተዋል፣ ጌታዬ።

ማን ይጠየቃል? እኔ። በጽሑፍም ካሉ እፈርማለሁ።

አትንጫጩ፣ እስቲ ይናገሩበት።

«ለጫጩቶቹ ብቻ።» ሰማችሁ? ለጫጩቶቹ ብቻ አሉ። በቄቦቹ መኖ ገና እንጨቃጨቃለን። ለዛሬ ግን ይበቃኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፉም ኪሴ ይቆያል።

እትዬ፣ ለምን ያለቅሳሉ? ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻዎን ቆመው ሲከራከሩ እኛ ጆንያ ስንቆጥር ነበር። ብቻዎን መሆኑ እንዴት እንደሚከብድ አሁን፣ እዚህ ቆሜ አየሁት። ስለዚያ ሁሉ አመሰግንዎታለሁ። መኖ ከመቀመር በላይ ነው ያስተማሩኝ፤ አፍ ለሌለው ፍጥረት መናገርን ነው።

ተነሱ ሁላችሁ። እርስዎም፣ ሥራ አስኪያጃችን። እንዲህ ነው! ለእትዬ ጤና፣ ለእትዬ ዕድሜ፣ ለልጅ ልጆችዎ፤ ሳህናቸውን ብዙ አይመርምሩባቸው፣ ያሳዝናሉ።

ቤትዎ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ነገ ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ ይሰማዎታል። ሰምተው ጋዋን እንዳይፈልጉ። ይገላበጡና ይተኙ። እኛ አለን።