ከጃፓን የመጣ ሳቅ

እህታችሁ ሞታ ከት ብላችሁ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስቄያለሁ። ልጄ ጃፓንን በብስክሌት ስትዞር በየምግብ ቤቱ እየቆመች ማታውን ሙሉ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ኑድሉን ድምፅ እያሰማች ትመጠምጣለች።

«እማዬ፣ እዚህ እንዲህ ነው የሚበላው!»

«እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?» ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አዲስ አበባ እህቴ ጋ ልደውል ስል፣ «ቆይ፣ ዓሣውን ሳላሳይሽ!» ትለኛለች።

ሲነጋ እዚህ በምኖርበት ባሕር ማዶ፣ የቻምበርስ ሮድ ሐበሻ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መርዶ ይዘው መጡ። እህቴ ተቀብራለች። ለልጄ ደወልኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አጎቴ ነው፣ እማዬ። ሰው ሳይሰበሰብ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ስልኩን ያዥባት አለኝ» ብላ አለቀሰች።

ቀብሯን በስልክ እንኳ ሳላይ ቀረሁ። ለአንቺው ታስቦ ነው ይሉኛል። ወንድሜንም፣ ልጄንም፣ ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡትንም ይቅር አልልም።