ሉጥፊያ ስለሸጠችልኝ የባሕር አረም

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወሰንየለሽ ገዛኸኝ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ፣ አል-ማንሺያ
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ካላክላ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ መጋቢት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት፣ በአስተርጓሚ

ተጠርጣሪዋን ሉጥፊያ አብዱልሰላምን አውቃታለሁ። አል-ሳሃፋ ሰፈር በሚገኝ መድኃኒት ቤት ዘጠኝ ዓመት የሠራች የወሎ ልጅ ናት፤ ጠብም ዝምድናም የለንም። ትናንት ከሆስፒታል ወጥቼ፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት ስለ እርሷ ነው።

የካቲት 27 ቀን ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ ወደ እርሷ ሄድኩ። የአሠሪዬ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ስላለኝ ክብደት ለመቀነስ ቡናማ የባሕር አረም እንክብል ጠየቅኳት። ለመሸጥ አልቸኮለችም። ጥናቱ በብዛት በአይጥ ላይ መሆኑን፣ በሰው ላይ የተሞከረውም በጥቂት ሰዎችና ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ያከሳል ብሎ ለመማል እንደማያበቃ አስረዳችኝ። አዮዲን ስላለበትም «እንቅርት ካለብሽ ልብሽን ያስሮጠዋል፤ ወላሂ እንዳትነኪው» አለችኝ። የለብኝም ስላት ሸጠችልኝ። እንቅርት ግን አለብኝ። ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት በሻሽ ሸፍኜው ኖሬአለሁ፤ ወንድሜ እንኳን አያውቅም።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ እስከ 9፡00 ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ የተባለውን እንክብል ሦስቱንም በ9፡00 ሰዓት በአንድ ላይ እውጥ ነበር። ይህ የራሴ ብልሃት እንጂ የእርሷ ምክር አይደለም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ደረሰብኝ።

ሐሙስ መጋቢት 15 ቀን ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ወደ ካላክላ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ልቤ ከመጠን በላይ እየመታ ወደቅኩ። ወንድሜ ጥዑመልሳን ደንግጦ «መርዝ ሸጠችላት» ሲል ሉጥፊያን ከሰሰ። እርሷ ግን ወሬውን እንደሰማች የእንክብሉን ካርቶን ይዛ እየሮጠች ሆስፒታል መጥታ በውስጡ ያለውን ለሐኪሙ አነበበችለት። ሐኪሙ ሻሼን ፈትቶ አንገቴን ያየው፣ በሽታዬንም በቶሎ ያወቀው በዚያ ምክንያት መሆኑን ነግሮኛል። እግዜር ይስጣት፣ ነፍሴን ያተረፈችው እርሷ ናት። ፖሊስ ካርቶኑን እንደያዘች ከሆስፒታሉ በር ላይ ወሰዳት። ይኸው ከታሰረች አራት ቀኗ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷም ሊሰረዝ መሆኑን ሰምቻለሁ።

መርማሪው እንቅርት እንዳለብኝ ማስረጃ ሲጠይቀኝ፣ በክፍሉ ውስጥ በነበሩት ሁሉ ፊት ሻሼን ፈትቼ አሳይቻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው። የደበቅኩት አንድ ነገር ነበር፣ እርሱንም አይታችሁታል።

የምስክር ፊርማ፦ ወሰንየለሽ ገዛኸኝ
አስተርጓሚ፦ ትንሣኤ ቃለአብ
መርማሪ፦ ሻምበል ተውፊቅ ኢክሪማ